የኤልሲ ልክ

ለእናቴ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ወገብሽ ቀና ብሎ፣ ምድጃሽ ሞቆ፣ ደጅሽም ሰላም ሆኖ ያግኝሽ። እንደምን ከርመሻል? የአባዬ እግር በዚህ ብርድ እንዴት አደረገው? መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መረብ ሲጠግን፣ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ አሁንም ይታየኛል። ዶሮዎቹስ? የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ከጣቶቼ በቀር ደህና ነኝ። ጣቶቼም ቢሆኑ ቢላ ጫር ባደረጋቸው ቦታ ጨው እየገባ ነው እንጂ ሌላ ሕመም የለባቸውም። የዱቄት ጆንያ ቀድጄ ጠቅልዬባቸዋለሁ። ብዕሩን የያዝኩት በሁለት ጣት ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ አትቆጪኝ።

ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ኤልሲ መጨረሻ ላይ እጠይቅሻለሁ። አሁን ከጀመርኩ ሌላውን መጻፍ ያቅተኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የተነሣው ነፋስ እስካሁን አልበረደም። መርከቦቹ ወደ ባሕር መውጣት አቅቷቸው ወደቡ ውስጥ ጎን ለጎን ታጭቀዋል፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየረገጡ ወንዙን መሻገር ይቻላል። ዓሣ ከሌለ ደግሞ ሥራ የለም። የኛ አገር ሴቶች ክራቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ እየሄዱ ሹራብ እየሠሩ በየመንገዱ ይዞራሉ። የዚህ የእንግሊዝ ወደብ፣ የያርማውዝ ሰዎችም እየተራመደ እጁ የማያርፍ ሰው አይተው የማያውቁ ይመስል ቆመው ያዩናል። እኔ ግን አሁን ቤት ነኝ። ሣጥኔ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን የዳቦ መቁረጫው እንጨት ላይ አድርጌ ነው የምጽፍልሽ።

ያረፍንበት ቤት የሚስስ ታክስተር ነው። እኛ ከመምጣታችን በፊት ምንጣፉን ጠቅልላ አንሥታዋለች፣ መጋረጃውን አውርዳዋለች፣ ግድግዳውን ደግሞ ከላይ እስከ ታች የዕቃ መጠቅለያ ወረቀት አልብሳዋለች። የዓሣው ሽታ እንዳይገባበት ነው። እትዬ ባውቢ ወረቀቱን አይታ «ግድግዳዋን ሸፈነችው፤ አፍንጫዋን ምን ልታለብሰው ነው?» አለችና ሣቅን። ለሦስታችን አንድ አልጋ ነው ያለን። እትዬ ባውቢ መሐል ትተኛለች። ማንኮራፋቷ የመርከብ ጥሩምባ ነው፤ ገላዋ ግን ይሞቃል።

እትዬ ባውቢ ማለት ባለፈው የጻፍኩልሽ የፍሬዘርበርግ ሴት ናት፤ ባሏን ባሕር የበላባት፣ ልጅ የሌላት። ዚላን ታውቂያታለሽ፤ የመንደራችን ልጅ ናት። እኔና እትዬ ባውቢ ገንዳው ሥር ቆመን የሄሪንጉን ዓሣ ሆድ እንቀድዳለን፤ ዚላ ቁመቷ ረጅም ስለሆነ በርሜሉ ውስጥ ጎንበስ ብላ እየጨመረችና ጨው እየበተነች ትደረድራለች። ይህን አንቺም በወጣትነትሽ ሠርተሽዋል። ከሦስቱ አንዷ ከጎደለች የቀሩት ሁለቱ ሥራ እንደሌላቸውም ታውቂያለሽ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። አክስቴና ባሏ ኑሯቸውን ጠቅልለው ወደ ካናዳ እንደሚሄዱ፣ የሚሄዱትም በጥር እንደሆነ ጻፍሽልኝ። ልጅ የላቸውም፣ ኤልሲን ይዘዋት ቢሄዱ ለእሷም ይሻላታል አልሽ። ፀጉሯ ከቀን ወደ ቀን እየቀላ እንደመጣ፣ ሴቶቹም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው እንደሚያዩዋት ጻፍሽ። በቤታችን ቀይ ፀጉር ያለው ሰው የለም። ይህን ለምን እንደጻፍሽልኝ ገብቶኛል። ከዚያ ታች ለብቻው አንድ መስመር አለ፤ «ማይንድ አታደርጊም አይደል?» ይላል።

እማዬ፣ ይህቺ «ማይንድ» የምትባል ቃል ከአፋችን ጠፍታ አታውቅም። እስከ ሐሙስ ድረስ ግን አስቤባት አላውቅም ነበር። ከሐሙስ ወዲህ በሄድኩበት ሁሉ እየሰማኋት ጆሮዬ ላይ እንደ ዝንብ ሆነችብኝ።

ወደቡ ላይ በርሜል የሚያንከባልሉት ሰዎች ከኋላችን «ማይንድ!» ብለው ይጮኻሉ። ዘወር ካላልሽ እግርሽን ይሰብርሻል። እዚያ ላይ «ተጠንቀቂ» ማለት ነው። ሚስስ ታክስተር ደግሞ ዚላ የዓሣ ቦት ጫማዋን ደረጃው ላይ ብታስቀምጥ ቅንድቧን ሰቅላ «ማይንድ ታደርጊያለሽ?» አለቻት። ዚላ የእውነት የጠየቀቻት መስሏት «ኧረ እኔ ምንም ማይንድ አላደርግም፣ እዚሁ ይሁንልኝ» ብላ አለፈች። ሴትዮዋ ጫማውን በሁለት ጣት አንሥታ መንገድ ላይ ወረወረችው። እትዬ ባውቢ «አይ የኔ ልጅ፣ እንግሊዝ ስትሰድብሽ እኮ አስፈቅዳ ነው» አለቻት።

እትዬ ባውቢ ራሷ ስትናገረው ሌላ ነው። እንደኛ አገር ሽማግሌዎች፣ ሻይዋን ይዛ «ማይንድ ታደርጊዋለሽ፣ ያን የበረዶ ክረምት?» ትላለች፤ ታስታውሺዋለሽ ማለቷ ነው። ስለ ባሏ ስትናገርም «ዛሬም ማይንድ አደርገዋለሁ» ትላለች። አስታውሰዋለሁ ማለቷ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ስሰማት፣ ሰውየው አሁንም የሆነ ቦታ ብርድ እየመታው፣ እሷም ልብስ የምትደርብለት ይመስለኛል። ልጅ መጠበቅም እኮ በዚያችው ቃል ነው። አንቺም ለጎረቤቶቻችን «ታላቋ ትንሿን ማይንድ ታደርግልኛለች» ትያቸው ነበር። መምህራችን ደግሞ ግንባሬን በጣታቸው ቆርቆር እያደረጉ «ማይንድሽ ወዴት ሄደ?» ይሉኝ ነበር። መስኮቱ ላይ ነበራ የሚሆነው።

አንቺ የጻፍሽልኝ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። አንቺ ያልሽኝ «ቅር አይልሽም አይደል? አታለቅሺም አይደል? አትናገሪም አይደል?» ነው።

እንዲህ የምትጠይቂኝም መልሴን ስለለመድሽው ነው። መምህሩ ቤታችን ድረስ መጥተው «አንድ ዓመት ትቆይ፤ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው» ሲሉሽ እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቀና ብለሽም አላየሽኝ። «እሷ ማይንድ አታደርግም» አልሻቸው። እሳቸውም ወደኔ ዞረው እውነት ነው ወይ ሲሉኝ አላደርግም አልኩ። ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ። ወደ ሌርዊክ ወደብ ለዓሣ ሥራ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር ስትልኪኝም አላደርግም አልኩ። ስለ ሌርዊክ እንድናወራ አልፈልግም፤ አንቺም ያንን ስም ዳግመኛ እንዳትጽፊልኝ። ከዚያ የተመለስኩ ጊዜ «ደረቷን አሟታል» ተብሎ ክረምቱን ሙሉ ጓዳ ስቀመጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶብኝ የሰው ድምፅ በግድግዳ ስሰማ፣ ያኔም ማይንድ አላደርግም አልኩ። አንቺ ደግሞ ሻርፕሽን ሆድሽ ላይ ሰፋ አድርገሽ ጥለሽ፣ ወገብሽን ይዘሽ ቀስ እያልሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሄጂ ነበር። ሴቶቹ «በዚህ ዕድሜሽ!» እያሉ ሲቀልዱብሽ፣ አንቺም ስትሥቂ በመስኮቱ ሰምቻለሁ። በመጋቢት ኤልሲ መጣች። ታናሽ እህት አገኘሽ አላችሁኝ።

አንድ ነገር ግን አልረሳሁም። ደረቴን በሸራ ጨርቅ አጥብቀሽ ስታስሪልኝ፣ ኤልሲ በወዲያኛው ክፍል እያለቀሰች ነበር። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። አንቺ ጨርቁን እየሳብሽ «ኔቨር ማይንድ፣ ልጄ፣ ኔቨር ማይንድ» አልሽኝ። ግድ የለም፣ ተይው ማለትሽ ነበር። እኔም ተውኩት። እንዴት እንደተውኩት ጠይቀሽኝ ግን አታውቂም።

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንዲህ ረጅም ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ፊት ለፊት ብትሆኚ ይህን ሁሉ አልልሽም ነበር። አንገቴን ደፍቼ ውሃ ላመጣ እወጣ ነበር።

ሐሙስ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ወደ ገንዳው ተመለስኩ። እትዬ ባውቢ አየት አደረገችኝና «አንቺ፣ ምን ሆነሻል? የራስሽን ጣት ሄሪንግ መስሎሽ ልትቀድጂው ነው እኮ» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

«ምንም የሚባል ዓሣ አይቼ አላውቅም። ተናገሪ።»

እህቴን ሊወስዷት ነው፣ ካናዳ፣ አልኳት። ቢላዋን አቆመች። እትዬ ባውቢ ቢላ ስታቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እህትሽን» አለች። ከዚያ ዓይኔን እያየች ደግማ «እህትሽን» አለች። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልነበረም። እኔ ገንዳውን አየሁ።

«እና አንቺ ምን አልሽ?»

ገና አልመለስኩም አልኳት።

«መልሺያ! ሄሪንግ እንኳ ሆዱ ሲቀደድ አፉን ይከፍታል። አንቺ ምንድን ነሽ?»

ዚላ በርሜሉ ውስጥ ጭንቅላቷን ደፍታ እንዳልሰማች ሆነች። ዚላ ጥሩ ልጅ ናት። ስንት ነገር እንዳልሰማች ሆናልኛለች።

ያን ቀን ሥራ ጨርሰን እጃችንን ስንታጠብ እትዬ ባውቢ ሳሙናውን ያዥ እያለችኝ፣ ቁም ነገር እንዳልሆነ አድርጋ ነገረችኝ። ቤቷ ባዶ ነው። ምድጃዋ ለአንድ ሰው ሲነድ ያሳዝናታል። ክረምቱን እኔ ፍሬዘርበርግ የሰው ቤት ሥራ ብይዝ፣ በጋ ደግሞ እዚያው ወደብ ላይ ብሠራ፣ «ቀን ቀን እህትሽን እኔ ማይንድ አደርግልሻለሁ። ጉልበቴ እንጂ ጭኔ አልደከመም፤ አንዲት ልጅ ያስቀምጣል» አለችኝ። መንደሩ የሚለውን ይበል፤ ፍሬዘርበርግ ትልቅ ከተማ ነው፣ ቀይ ፀጉርም ሞልቷል፤ ይህን ሁሉ እሷ ናት ያለችው፣ ስለ ፀጉሯ ከዚላ ሰምታ ይሆናል እንጂ እኔ አልነገርኳትም። ሳሙናው ከእጄ አመለጠ።

እማዬ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ዋልኩ። እንዲህ ይል ነበር፤ እባክሽ ለአክስቴ እሺ እንዳትያት። ሥራው በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል፤ በባቡር መጥቼ ኤልሲን እወስዳታለሁ። ለመንደሩ የወደድሽውን ንገሪ፤ ታላቋ ወሰደቻት በይ፣ ሞተች በይ፣ ማይንድ አላደርግም። በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያ በቁርጥ የተናገርኩት ነገር የለም፤ እሱንም በሐሳቤ ነው። ጥር ሩቅ መሰለኝ። በደስታ ሄጄ ከገበያ አንዲት ማንቆርቆሪያ የተሣለባት ትንሽ ኩባያ ገዛሁላት፤ በኛ አገር አነጋገር ማይንዲንግ፣ ማስታወሻ። እጀታዋ ለትንሽ እጅ ይመቻል።

አሁን ወደ ክሩ ልምጣ።

ክር የላክሽልኝ እኔው ለምኜሽ ነው፤ ለኤልሲ የክረምት ሹራብ ጀምሬ እጅጌው ላይ ስደርስ ልኳን ላኪልኝ ብዬሽ ነበር። ደብዳቤሽ ውስጥ ተጠቅልሎ መጣልኝ። እንደ ወጋችን ሦስት ቋጠሮ አለው፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው የደረቷ ዙሪያ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው የክንዷ ርዝመት። ሐሙስና ዓርብ አንጓዬ ላይ ጠምጥሜው ተኛሁ። ያ ክር ደረቷን ዞሮ የመጣ ነው እያልኩ። ብትሥቂብኝም ሣቂ።

ዛሬ ጠዋት እጅጌውን ልጀምር ብዬ ሣጥኔን ከፈትኩ። በሣጥኑ ክዳን ውስጥ፣ ሚስማሩ ላይ፣ ነሐሴ ፍሬዘርበርግ ሳለሁ የላክሽልኝ የድሮው ክር ተንጠልጥሏል። ምን ያህል እንዳደገች ለማየት ብዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ቋጠሮ ቋጠሮው ላይ አረፈ። ሦስቱም።

እትዬ ባውቢ አልጋው ላይ ሆና ታየኝ ነበር። «ከነሐሴ እስከ ኅዳር የጥፍር ያህል ያላደገች ልጅ! እናትሽ የለካችው ድመቷን ነው እንዴ?» አለች። ዚላ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ከዚያ ሣቄ ቆመ።

አንቺ ልክ የምትሳሳቺ ሴት አይደለሽም። አባዬን ከበር ቆሞ አይተሽው ብቻ ሹራብ ትጀምሪለታለሽ። የነሐሴውን ሹራብ ደግሞ ይዤላት የመጣሁ ጊዜ፣ መስከረም ላይ፣ ገና ያኔ እጅጌው ከአንጓዋ ከፍ ብሎባት ነበር። አንቺ ራስሽ ክንዷን ይዘሽ «ይቺ ልጅ ተኝታ ነው እንዴ የምታድገው!» ብለሽ ሣቅሽ። ታስታውሺያለሽ። እንግዲህ ኅዳር ላይ ያ ክንድ እንዴት ወደ ነሐሴ ይመለሳል?

ክሩን የለካሽው በሹራቡ ነው። በር ኋላ ተሰቅሎ በቀረው፣ በጠበባት ሹራብ። ልጅ ባለችበት ቤት ሹራብ አይለካም እማዬ።

ለማንም ሳልናገር ተነሥቼ ወደ ወደቡ ሄድኩ። ነፋሱ ቀሚሴን እየጎተተ መሄድ ከለከለኝ። የዚላ አክስት ባል ጋሽ ዶድ ለወንድማቸው ቀብር ወደ መንደር ሄደው እሮብ መመለሳቸውን ዚላ ነግራኝ ነበር። መርከባቸው ላይ ገመድ ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው። ሰው ፊት መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ግን ጮኼ ጠየቅኋቸው። «ጋሽ ዶድ፣ ቤታችንን አዩት? ኤልሲን አዩዋት?»

ገመዱን ማየት ጀመሩ። «እናትሽ ደህና ናት» አሉኝ።

«ኤልሲስ?»

«ማይንድ አላደርግም» አሉኝ፤ አላስታውስም ማለታቸው ነው። ሰውየው የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተያዘ ዓሣ ክብደቱን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። ከዚያ ጓንታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ገቡና አንድ ነጭ ከረሜላ አወጡ፤ በቀብር ጊዜ ለልጆች የሚሰጡትን፣ ዝም እንዲሉ። ከመርከቧ ወደኔ ዘንበል ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ጣቶቼንም በእጃቸው አጠፉልኝ። «በዚህ ነፋስ አትቁሚ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከረሜላው እዚህ ወረቀቱ አጠገብ ነው። አልበላሁትም።

ስለ ኤልሲ መጨረሻ ላይ እጠይቅሻለሁ ብዬሽ ነበር። አሁን ደህና ናት ወይ ብዬ አንቺን መጠየቅ እንደማይሆን ገባኝ። አንቺም አታውቂው። ጥርን ሳይጠብቁ ወስደዋታል፤ አሁን መርከብ ላይ ትሆናለች፤ ባሕር ያስታውካት ይሆናል። ማታ ጆሮዋን ካልያዙላት እንደማትተኛ ለአክስቴ ነግረሻታል? ይህን ብቻ ንገሪኝ።

ለምን እንደደበቅሽኝም አውቄዋለሁ። ብታውቅ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እነዚያንም ሁለት ሴቶች ከሥራ ታስቀራቸዋለች ብለሽ ነው። ይህ እንኳ ሐሳብ መሆኑን አልክድም፤ ለዚላና ለእትዬ ባውቢ አስበሽላቸዋል። አይዞሽ፣ ጥያቸው አልመጣም። ወዴት ልምጣ? ሥራው ሲያልቅም ሣጥኔን ከጣቢያው የሚያመጣ ጋሪ እንዳትልኪ፤ ከእትዬ ባውቢ ጋር ፍሬዘርበርግ እወርዳለሁ። ጓዳውን ለዶሮዎቹ አድርጊው። መጋረጃውን ግን ክፈቺላቸው።

ለጥያቄሽም መልስ ይኸውልሽ፤ አዎ፣ ማይንድ አደርጋለሁ። ቃሏ ስንት ትርጉም ቢኖራት በሁሉም አደርጋለሁ፤ ከአንዱ በቀር። አንዱን፣ ልጅ መጠበቁን፣ ለአክስቴ ሰጥተሽብኛል።

ሹራቡን ዛሬ ጨርሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የአክስቴን አድራሻ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ልኳ ስለሌለኝ እጅጌውን በግምት ነው የሠራሁት። ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ሰው አገር የሚሄድ ልጅ ሰፊ ይሻለዋል። እጅጌውን እንዳስተማርሽኝ ከትከሻ ጀምሬ ወደ ታች አወረድኩት። ክንዷ ሲረዝም ጫፉን ፈትቶ መቀጠል ይቻላል። ለመቀጠያ የሚሆን አንድ ድቡልቡል ክር ውስጡ ጠቅልያለሁ። አክስቴ ሹራብ ለመፍታት ትዕግሥት እንደሌላት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ክሩ ይኑራት።

ደረቱ ላይ ያለው ያው የመንደራችን ጥልፍ ነው። ከወገቡ ከፍ ብሎ ደግሞ ለባሕር ወንዶች እንደምናደርገው ሁለት ፊደል ሠርቼበታለሁ። አያቴን ባሕሩ ሲመልሰው ፊቱ አልታወቀም፤ ያወቅሽው ሹራቡ ላይ ባሉት በእጅሽ ሥራ ፊደሎች ነው። ፊደሉን የሚሠራው ሰውየውን የኔ ነው የሚል ሰው ነው ብለሽ ያኔ አስተምረሽኛል። የመጀመሪያው ፊደል የእሷ ስም ነው። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ጥቅሉን ስትፈቺ ታዪዋለሽ። ፊደሉን እንዳትፈቺው ብቻ አደራ፤ የሚያነበው ሰው ካናዳ ውስጥ የለም።

የኅዳሩን ክር እዚህ ውስጥ መልሼልሻለሁ። ያንቺ ነው። የነሐሴው ግን እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ልጅቷን የነካው እሱ ነው።

ለአባዬ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ ስታነቢለት የምትዘልዪውን ዝለዪ። እግዚአብሔር ቤትሽን ከነፋስ፣ ወገብሽን ከሕመም፣ እንቅልፍሽንም ከሐሳብ ይጠብቅልሽ። ባሕር ላይ ያሉትንም ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ በሰላም ወደ ምድር ያድርስ።

ልጅሽ፣
እንዳልሽኝም፣ የኤልሲ እህት